የጭጭ ድምፅ

የምሠራው መነጽር መሸጫ ውስጥ ነው። እኔ ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ ነኝ። ከኋላዬ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ መስታወቱን በፍሬሙ ልክ እየሞረደ የሚገጥመው ሰውዬ ይቀመጣል። ዕድሜው ከእኔ በብዙ ይበልጣል፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ለደንበኛ ጨዋ፣ ሲያስነጥሰኝ እንኳ «ይማርሽ» ለማለት ከመጋረጃው ብቅ የሚል ሰው ነበር። ጋሼ እለው ነበር፣ አንቱም እለው ነበር። ስልኩን ሲከፍት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እዚያ ውስጥ ስሙ ዳኛው ነው።

«ሰባት በር» የሚባል ጨዋታ ነበር። ስንትና ስንት ሰው ከየቤቱ በኢንተርኔት እየገባ፣ ቡድን እየሠራ፣ አንዱ የሌላውን ግንብ ያፈርሳል። ሰውዬው ለዓመታት ተጫውቶታል። የተጫዋቾቹ የወሬ ግሩፕ ደግሞ ከጨዋታው የባሰ ጦር ሜዳ ነበር። የጨዋታው ድርጅት ነገር ከተበላሸ ወዲህ ጭራሽ ለየለት። ድርጅቱ ጥሩ ጥሩውን መሣሪያ በገንዘብ መሸጥ ጀመረ፤ ተጫዋቹ ተቆጥቶ መውጣት ጀመረ፤ ገቢ ሲቀንስ ሠራተኞቹን አባረረ። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አለቀለት» ሲል ግማሹ «ምቀኞች» ይላል። የምቀኞች ባዮቹ አለቃ የእኛው ሰውዬ ነበር።

እኛ ሱቅም በዚያው ሰሞን ባለቤቱ ተሞርዶ ያለቀለት መስታወት ከውጭ ማስመጣት ጀምሮ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ማሽን ድምፁ ጠፋ። ሰውዬው የላላ ብሎን ከማጥበቅ በቀር የሚሠራው አጣ። ሥራው ሲቀንስ ክርክሩ በዛ።

«ጋሼ፣ ምን እንዲህ ያስቆጣዎታል?» አልኩት አንድ ቀን፣ ስልኩን እየደበደበ ሲጽፍ አይቼ።

«ይቺ ጭጭ የምትባል ናታ! ድርጅቱን ልትቀብረው ቋምጣለች።»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ እንደ መርፌዋ ነው። እሷም እቤት እንዲህ እንዳለችው ራሱ ነው እየሳቀ የነገረኝ፦ «ለመሆኑ ሰዎቹ ያውቁሃል? ጠበቃ ቁም ብለው ደመወዝ ቆርጠውልሃል?»

ጭጭ ሴት ናት፤ የምትሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከዳኛው ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ብዙ ተጫውተዋል። ሌላው በማይክሮፎን እየጮኸ ሲዋጋ እሷ በጽሑፍ ብቻ ነበር የምታወራው፤ ስሙንም ያወጡላት ለዚያ ነው። አንዴ ዳኛው «ምነው ናቅሽን?» ብሎ አጥብቆ ሲጠይቃት ለእሱ ብቻ አጭር ድምፅ ቀድታ ላከችለት። «እ... እኔ መ... መናገር ስለሚ... ስለሚከብደኝ ነው። አ... አትቀየመኝ።» ያኔ «አይዞሽ እህቴ» ብሎ መለሰላት። ይሄንንም ራሱ ነው የነገረኝ።

ክርክሩ የከረረ ዕለት ጭጭ ስድብ አልጻፈችም። «ጨዋታውን የሚሠሩትን አባርረው አዲስ ነገር ማን ሊሠራላቸው ነው? ያለንን ሸጠውልን ሲያበቁ ይዘጉታል» አለች። ሰዉ «እውነቷን ነው» ማለት ጀመረ። ዳኛው ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ያቺን ድምፅ አውጥቶ ግሩፑ ላይ ለጠፋትና ከሥሯ «የኢኮኖሚ ሊቋን ስሟት» ብሎ ጻፈባት።

ሳቁ ለጉድ ነበር። አንዱ ከበሮ ጨመረበት፣ አንዱ የስልኩ መጥሪያ አደረገው። ስለ ድርጅቱ የሚያወራ ጠፋ። ጭጭ ከግሩፑ ወጣች። ሰውዬው መጋረጃውን ገልጦ «አፍ አስያዝኳት!» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ኋላ እንደነገረኝ፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሴት ልጁ ስልኳን አውጥታ ያንኑ ድምፅ አሰማቻቸው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ሁሉ ይዞታል። እየተንተባተበች አስመስላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም። «ማን ትሆን ምስኪን? የለጠፈውስ ምን ዓይነት አረመኔ ነው?» አለች። አባትየው ጎርሶ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ።

ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ጨዋታውን ሊዘጋው መሆኑን አስታወቀ፤ የተሸጠውም መሣሪያ ገንዘብ አይመለስም ተባለ። ያ በጭጭ ሲስቅ የከረመ ሁሉ ፊቱን ወደ ዳኛው አዞረ። ለእሷ ተቆርቁሮ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያላግጥበት አዲስ ሰው ፈልጎ እንጂ። «ዳኛው፣ ፍረድ እንጂ!» «ይግባኝ የለም ወይ?» ሲሉት ዋሉ። ዓይኑ እያየ ቅስሙ ተሰበረ።

ጨዋታው የሚዘጋው እኩለ ቀን ላይ ነበር። ሰውዬው የሱቁን ኮምፒውተር ለመነኝና ከጎኔ ተቀመጠ። ተጫዋቾቹ ለስንብት ትልቁ በር ፊት ተሰብስበዋል። ከመካከላቸው ጭጭ ቆማለች። ወደ እሷ ተጠግቶ «ይቅርታ፣ ስሜታዊ ሆኜ ነው» ብሎ ጻፈላት። ሁሉም ያየዋል።

እሷ አልጻፈችም። ማይክሮፎኗን ከፈተች።

«ዳ... ዳኛው። ያን ድ... ድምፅ ለአ... ለአንተ ብቻ ነበር የላ... የላክሁት። መ... መሥሪያ ቤቴ ደረሰ። አሁን ስልክ ሳ... ሳነሳ ይ... ይስቃሉ። ይ... ይቅርታህን አል... አልቀበልም። በ... በጽሑፍ ልነግርህ እ... እችል ነበር። ግን ቁ... ቁጭ ብለህ እንድ... እንድትሰማኝ ነው።»

ረጅም ጊዜ ወሰደባት። አንድም ሰው አላቋረጣትም። ስትጨርስ ማይክሮፎኗን ዘጋች፤ እሱ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ እንደጫነ ጨዋታው ጠፋ።

ወደ እኔ ዞሮ ሊስቅ ሞከረ። «ሰዓቱን ብቻዋን ጨረሰችው እኮ!» አለ።

«አንተ ነውር አታውቅም?» አልኩት። አንተ ማለቴን እኔም እሱም ሰማን። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ብዬው አላውቅም።

የጭጭን ንግግር ደግሞ አንዱ ቀድቶት ኖሮ በማግስቱ ተሠራጨ፤ እንደገና ተሳቀባት። ልጁም ዘንድ ደረሰ። የአባቷን የጨዋታ ስም ታውቀዋለች። የሆነውን ሲነግረኝ ብሎን እያጠበቀ ነበር፣ ቀና አላለም። ልጁ አልጮኸችም አለኝ። «አባዬ፣ እኔ ስስቅባት ዝም ብለህ አየኸኝ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። እናቷ የምትሰፋውን ጨርቅ አስቀምጣ መልሱን ጠበቀች። እሱም ያን ያህል የተከራከረ ሰው አንድ ቃል አልወጣው አለ።

ልጅቷ አሁን ምሳዋን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። ሚስቱ ለቤት ጉዳይ ካልሆነ አታናግረውም። ግሩፑ ወደ ሌላ ጨዋታ ሲሄድ የጠራው የለም። ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጦ ከስልኩ ጋር ካርታ ይጫወታል፤ ሲሸነፍ ስልኩን ሲሳደብ እሰማዋለሁ።