ባዶውን የተመለሰ ጠርሙስ

በሃይፋ ወደብ አካባቢ ባሉ ቢሮዎች ሃያ ዓመት የሰው ቆሻሻ ሳነሣ ኖሬ ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ ምራቴ ስለ ቆሻሻ ታስተምረኝ ጀመር።

ክፉ ልጅ አይደለችም። እዚሁ አገር የተወለደች፣ «እርስዎ» የሚባል ቃል ያልደረሳት፣ እማዬን በዕብራይስጥ «ኢማ» ብላ «አንቺ» እያለች የምታወራ ቀጭን ልጅ ናት። ከታናሹ ልጄ ጋር ከተጋቡ ወዲህ ከሃይፋ ወጣ ብላ ባለችው በክርያት አታ ይኖራሉ። አንድ ቀን ኩሽናዬ ገብታ፣ ተበልቶባቸው የሚጣሉትን የፕላስቲክ ሳህኖች አየችና «ኢማ፣ ይኼ እኮ የልጅ ልጆችሽ አርጅተውም አይበሰብስም» አለችኝ። መጀመሪያ የልጅ ልጁን አምጪልኝ አልሁ፣ በልቤ። እሷ ግን በረንዳዬ ላይ ለወረቀት አንድ ካርቶን፣ ለፕላስቲክ ሌላ ካርቶን ደርድራልኝ ሄደች።

እውነቱን ለመናገር፣ በምኖርበት በሃሊሳ ሰፈር እንደ እኔ ቤት ቆሻሻ የማይወጣው ቤት አይገኝም። ለመጣልም ሰው ያስፈልጋል። ድሮ ሰባት ነበርን። ባለቤቴ አረፈ፤ አራቱ ልጆች በየከተማው ተበተኑ፤ አምስተኛውም አገባ። አሁን የቆሻሻ ላስቲኬ ሳይሞላ ይሸታል። ግማሹ ባዶ እንደሆነ አስሬው ሦስት ፎቅ ይዤው እወርዳለሁ። እዚህ አገር ዳቦ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ በላስቲክ ተደርጎ ከገንዳው ጎን ይሰቀላል። እኔም አንዳንድ ቀን ያን የተሰቀለ ዳቦ የማስተካክል መስዬ፣ ሰላም የሚለኝ ሰው እስኪመጣ እቆማለሁ።

እጄ ግን የቤቱን ሰው መበተን እስከ ዛሬ አልሰማም። ዓርብ ጠዋት ምስር ልለካ ስገባ አራት ኩባያ አውጥቶ ድስቱ ውስጥ ይጨምራል። እኔ ከላይ ከላዩ እቀምሳለሁ፤ የቀረውን የኮመጠጠ ኪያር በሚሸጥባቸው ትልልቅ ጠርሙሶች እሞላለሁ። ጠርሙስ ጥዬ አላውቅም፤ በዚህ እንኳ ምራቴ አመስግናኛለች። ቀትር ላይ ልጄ ከወደቡ ሥራ ሲወጣ መኪናውን ከታች ያቆምና ይመጣል። ሻይ ይጠጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ሦስቱን ጠርሙስ ይዞ ሰንበት ሳይገባ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ብትሆን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ግን እሷኑ ነው።

በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎንደር ሳለን ጎረቤት ወንፊት እንኳ ብትዋስ፣ ስትመልስ እፍኝ ሽምብራ ታደርግበት ነበር። ባዶውን የሚመልስ የተጣላ ሰው ነው። የኔ ጠርሙሶች ግን ታጥበው፣ የተለጠፈባቸው ወረቀት ተልጦ፣ እያብለጨለጩ ባዷቸውን ይመጣሉ። አንድ ዓርብ አሳለፍሁት፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አሳለፍሁ። በአራተኛው ግን አላስቻለኝም።

«ሚስትህን ምን በድያት ነው?» አልሁት ልጄን።

«ምን አደረገች?»

«ዕቃዬን ባዶውን ትልካለች።»

ሳቀ። «ኢማ፣ ጥርት አድርጋ አጥባ እኮ ነው የምትመልሰው! እንዳይጣል ብላ ነው።»

«ማጠቡንማ እኔም አላጣሁትም። ሃያ ዓመት አጥቤያለሁ።»

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ እነግራታለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ነገራት። በሚቀጥለው ዓርብ አንደኛው ጠርሙስ ሞልቶ መጣ። ሳነሣው ከበደኝ፤ ደስ አለኝ። ልጄ እስኪቀመጥ እንኳ ሳልጠብቅ ከፈትሁት። አፈር ነው። ጥቁር፣ እርጥብ አፈር።

እኔ ሰው ለሰው አፈር ሲያቀብል ያየሁት መቃብር ላይ ብቻ ነው። «ምነው፣ እስክሞት መጠበቅ አቃታት?» አልሁ።

ልጄ ደነገጠ። «ለበረንዳሽ ነው፣ ኢማ! አበባ ትከዪበት ብላ ነው። ኮምፖስት ነው፤ ራሷ ከምግብ ትራፊ ሠርታው ነው።»

«ከምን ትራፊ?»

ይህ ልጅ መዋሸት አያውቅም፤ መዋሸት ሲያምረው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮውን ያካል። ጆሮውን አከከ።

«ሁለት ሰው ነን እኮ፣ ኢማ» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ጠርሙስ ምስር አያልቅልንም።»

 ሻዩን ጠጥቶ፣ እንደ ወትሮው ሦስቱን ጠርሙስ ይዞ ሄደ፤ ሊያስቀራቸው አፈረ መሰለኝ። እኔ አፈሩን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። አሸተትሁት። የሽንኩርትም የበርበሬም ሽታ የለውም፤ ዝናብ የመታው ማሳ ነው የሚሸተው። መልካም አፈር ነበር፤ እሱ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ለምስር ብዬ አለቀስሁ። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ያንኑ ምስር ስለምንበላ ሰንበትን ከልጄ ጋር የምበላ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ብቻዬን ኖሯል የምበላው።

አፈር ስለማይጣል ሁለት የቃሪያ ፍሬ ቀበርሁበት። በሳምንቱ ዓርብ ደግሞ እጄን ይዤ አንድ ኩባያ ምስር ብቻ ለካሁ። ምስሩ ከትልቁ ድስት ወለል ላይ ብትን ብሎ ቀረ። ከዚህ ቤት ዛሬ የሚጣል ነገር የለም፤ ምራቴ ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር አልሁ። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

«ኢማ፣ መጣሁ። ጠርሙሶቹ ደረሱ?»

«ዛሬ የለም። ለራሴ ብቻ ነው የጣድሁ። እንዳይጣል ብዬ።»

 ከኋላው የወደቡ መኪኖች ይጮኻሉ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልምጣ?» አለኝ።

ቅሬታ አልነበረበትም፤ ጨንቆት ነው የጠየቀኝ። ወልጄዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ናፈቅሽኝ ብሎ እናቱ ቤት መምጣት ያፍራል፤ የሚሸከመው ነገር ይፈልጋል። እኔም ናፈቅኸኝ፣ ና ብዬው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ምስሩ ደርሷል ነው የምለው። አሁንም ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

«አንድ ሰዓት ቆይተህ ና» አልሁት። «ገና አልበሰለም።»

ስልኩን ዘግቼ የምስሩን ዕቃ ከመደርደሪያው አወረድሁ። በአንዱ ኩባያ ላይ ሦስት ጨመርሁበት፤ ውኃም ጨመርሁ። ግማሹ አፈር እንደሚሆን አውቃለሁ። ይሁን፤ አፈሩንም ቢሆን ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ነው።