የሴት ትርታ በግራ ነው

በሕንድ አገር፣ ካምባት ውስጥ የሳለ ሁሉ ሳንባ ነቀርሳ ይዞታል ይባላል። ሰፈሩ ድንጋይ ሞርዶ ዶቃ የሚያወጣ ነውና አቧራው ከማሽላው ቂጣ ጋር ይበላል፤ ሌላ በሽታ ማን ይጠረጥራል? ድንጋይ ሞራጇን ማንጉንም ከአፍንጫዋ ደም መፍሰስ ሲጀምር የነቀርሳ ክኒን አሸከሟት። ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ ነው የትልቁ ከተማ የአህመዳባድ ሽማግሌ ሐኪም ቁርጡን የነገራት።

"ሰውነትሽ ራሱን እየወጋ ነው፣ ልጄ። ቀጫጭን የደም ሥሮችሽን ያቆስላል። መድኃኒቱ ያበርደዋል፤ ግን ደም ግፊትሽ ከጨመረ ወይ ኩላሊትሽን ወይ ጭንቅላትሽን ይዞት ይሄዳል። በየሳምንቱ ተለኪ። ከፍ ካለ ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ።"

ማንጉ የተባለችውን አድራጊ ናት። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያው ሄዳ ግራ ክንዷን ትዘረጋለች። ሴት ልጅ ትርታዋ የሚነበበው በግራ፣ የወንድ በቀኝ ነው፤ እናቷም አያቷም ለባህል ሐኪሙ የሰጡት ግራቸውን ነበር። ነርሷ ጃሹም የዚያው አገር ልጅ ናት። ቀኝሽን አምጪ ብላት አታውቅም።

"መቶ አምስት በሰባ! እህት ማንጉ፣ የሙሽራ ግፊት ነው ያለሽ።"

ባሏ ቻጋን ይህን ሲሰማ ሳቀ። "ከእኔ ጋር እየኖርሽ ግፊትሽ ካልጨመረ አንቺስ ራስሽ ድንጋይ ነሽ!"

"ድንጋይማ ባልሆን አንተን እችልህ ነበር?"

ይሳቁ እንጂ ጠዋት ጠዋት ራሷን ይፈልጣት ጀመር። ፀጉሯን ስታበጥር ግራ ክንዷ ይዝላል፣ ጣቶቿም ይቀዘቅዛሉ። ሁሉንም ለጃሹ ነገረቻት።

"ስትሞርጂ ውለሽ ክንድሽ ባይዝል ነበር የሚገርመኝ። ራስሽም ፀሐይ ነው። ግፊትሽ እንዲያውም ዝቅ ብሏል፣ ክኒኑን በግማሽ እንቀንሰው" አለቻት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ማንጉ አልደበቀችም፤ የደበቀባት ክንዷ ነው። ያ የቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች የተባለ በሽታ ማንም ሳያየው በግራ በኩል ከአንገቷ አጥንት ሥር ያለውን ወፍራም የደም ሥር አጥብቦት ነበር። ወደ ግራ ክንዷ የሚያልፈው ደም ጥቂት ስለሆነ እዚያ ሲለካ ግፊቷ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ በቀረው ሰውነቷ ግን ግፊቱ እያየለ ሄዷል። የአህመዳባዱ ሐኪምም ቢሆን ወፍራሙን አልጠረጠረም። ይህ ሲታሰብ ዛሬም ያንገበግባል።

አንድ ጠዋት ከመሞረጃው ፊት ለፊት እንደተቀመጠች ድንጋዩ ከቀኝ እጇ ወደቀ። ልታነሳው ብትል እጇ እንቢ አላት። ደነገጠች፤ ባሏን ልትጠራ አፏን ብትከፍት የስሙ ጫፍ ብቻ ወጣ።

"ቻ... ቻ..."

ቻ በአገራቸው ሻይ ነው።

"ሻይ አማረሽ? ቆይ፣ መጣሁ!" አለ ቻጋን ደስ ብሎት። ዝንጅብል ወቅጦ፣ ወተቱን አፍልቶ ሲመለስ የመሞረጃው መንኮራኩር ባዶውን ይሽከረከራል፤ ማንጉ በጎኗ ወድቃለች።

ሆስፒታል ሲደርሱ አንዲት ሐኪም ግፊቷን ከቀኝ ክንዷ ለካች። የቁጥሩን ከፍታ አይታ ማመን አቃታት፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ግራዋን ለካችና ወደ ቻጋን ዞረች።

"እስከ ዛሬ ቀኟን የለካ ሰው የለም?"

"ሴት ናት እኮ፣ ዶክተር" አለ ቻጋን ግራ ገብቶት። "ሴት የምትሰጠው ግራዋን ነው።"

ሐኪሟ በማንጉ ካርድ ላይ ከቀኝ ክንዷ ይለካ ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ተረኛዋ ነርስ ልትለካት መጣች። "እስቲ እጅሽን ስጪኝ፣ እናቴ። ቀኝሽን።"

ማንጉ ሰምታታለች። ቀኟን አየችው፤ አንሶላው ላይ እንደተጋደመ ነው። ብዙ ታገለችው። ከዚያ እንባዋ እየወረደ፣ የሚታዘዛትን ግራዋን ዘረጋችላት።