ሙባሪክ የፋቀው እንሰት

ፈትሂያ የራሷ ጨቅላ በሞተ ሰሞን ነው ሙባሪክን ያገኘችው። እናቱ ከጥንት ከቀሩት፣ ምሁራን ኒያንደርታል ከሚሏቸው ሰዎች ወገን ነበረች፤ ቡታጅራ ገበያ ዳር ወልዳው ሞተች። ፈትሂያ አንስታ ጡቷን አጠባችው። አድጎ ቅንድቡ ወደፊት የወጣ፣ አገጩ ወደ ውስጥ የገባ፣ ደረተ ሰፊ ጎልማሳ ሆነ። መናኸሪያ ጭነት ሲያወርድ ለሦስት ሰው የሚከብደውን ብቻውን ይሸከማል። "ክሬኑ መጣ!" ብለው ይስቃሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

የፈትሂያ ምኞት አንድ ነው፤ እንደ ሰው ልጅ ተቆጥሮ ሲዳር ማየት። የጎረቤቷን የነዒማን ልጅ ፈቲሀን እንዲጠይቁላት ሽማግሌ ልካ መልስ ስትጠብቅ፣ ጭቃ አንሸራተታትና ክንዷ ተሰበረ። እንሰቱ ተነቅሎ ጓሮ ተጋድሟል፤ ለቆጮ ቶሎ ካልተፋቀ ይበላሻል። ጎረቤቶቿ በማግስቱ ሊያግዟት ቃል ገቡ። መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ እዚያ ዝር አይልም።

ሙባሪክም ይህን ያውቃል። የእናቱን ክንድ ሲያይ ግን አላስቻለውም። ሴቶቹ ሲመጡ እንሰት የሚፋቅበት ሳንቃ ፊት ተቀምጦ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ግማሹን ጨርሶ አገኙት።

"ኧረ ጉድ!" አለች አሚኔ። "ወንድ የፋቀውን ቆጮ ማን ይበላዋል? ወላሂ እኔ ሄድኩ!"

ነዒማ ክንዷን ያዘቻት። "ተይ እንጂ አንቺ! እሱ እኮ ወንድ ተብሎ አይቆጠርም። በሬ ረገጠው ብለሽ ቆጮ ትጥያለሽ?"

ሴቶቹ ሳቁ። አሚኔም እየሳቀች ተመለሰች፤ ሁሉም መቀመጫቸውን ሳቡ።

ነዒማ ይህን ያለችው ለፈትሂያ አዝና ነበር። ፈትሂያም ገብቷታል። "ልጄ ወንድ ነው" ብትል ሴቶቹ ይሄዳሉ፣ የክረምቱ ምግብ ይበሰብሳል፣ ልጇም ደንብ ጣሰ ተብሎ ይወራበታል። ዝም ካለች ደግሞ ወንድ አለመሆኑን ተቀበለች ማለት ነው፤ የፈቲሀ ነገር እዚሁ አበቃ። የነዒማን መልስ በጆሮዋ ሰማች አይደል? በደህና እጇ መፋቂያ አንስታ ለአሚኔ አቀበለቻት።

ሙባሪክ የሳቃቸው ምክንያት ሳይገባው እጁን በቅጠል እየጠረገ ተጠጋት።

"እማዬ፣ ተቆጡኝ እንዴ?"

"የለም ልጄ፣ አልተቆጡም።"

ፊቱ በራ። "ነዒማ ለፈቲሀ ትነግራታለቻ! ጎበዝ ነው ትላታለች፣ አይደል?"

ፈትሂያ በደህና እጇ ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን ፍቅፋቂ አነሳችለት።

"ሂድ ታጠብ" አለችው።