የማለስለሻው ጨው

አሰላ በሚገኝ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ የወተት ሳይሆን የውሃ ነበር። ወተቱ የሚሞቀው በእንፋሎት ነው። እንፋሎቱን ወደሚሰጠው ቦይለር የሚገባው ውሃ ለስላሳ፣ ማለትም ከኖራ የጸዳ፣ ካልሆነ የቦይለሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። እዚህ ከተማ ሻይ የሚያፈላ ሰው ሁሉ ይህን ቅርፊት ማንቆርቆሪያው ውስጥ አይቶታል። ከማንቆርቆሪያ ተፍቆ ይለቃል። የቦይለር ቱቦ ላይ ሲጋገር ግን የእሳቱን ሙቀት ወደ ውሃው አያሳልፍም፤ ብረቱ ራሱ ይግላል፣ ያብጣል፣ አንድ ቀን ይቀደዳል።

ቦይለሩን የሚይዙት ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ነበሩ። ከፋሲካ በኋላ ጡረታ ሊወጡ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎባቸው አያውቅም፤ ይህን ሳያነሱ የሚውሉበት ቀን የለም። ጠዋት መጀመሪያ በመስታወቱ የውሃውን ልክ ያያሉ፣ ቀጥለው የታችኛውን ቫልቭ ከፍተው የረጋውን ጭቃ ያስወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚዞሩት።

«ኢንጂነሯ፣ ዛሬም ዝም ነው?»

«ደህና አደሩ ጋሼ።» ብዬ ወደ ብርጭቆዬ እዞራለሁ።

«ይሄ ቦይለር እንኳ ካንቺ ይሻላል፤ ሲጨንቀው ያፏጫል።»

የእኔ ምርመራ ቀላል ነው። ውሃውን ከሚያለሰልሰው ታንከር የወጣውን በብርጭቆ ቀድቼ የመመርመሪያ ጠብታ እጨምርበታለሁ። ሰማያዊ ከሆነ ለስላሳ ነው፤ ከቀላ አይደለም። ታንከሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች የውሃውን ኖራ ይይዛሉ፤ ሲጠግቡ በጨው ውሃ ይታጠባሉ። ለአንድ እጥበት አንድ ሙሉ ኬሻ ጨው ይፈጃል። እሳቸው ያጥባሉ፣ እኔ መዝገቡ ላይ «አንድ ኬሻ» ብዬ እጽፋለሁ።

በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ብርጭቆው ቀላ። ጠብታው ያረጀ መስሎኝ አዲስ ከፈትሁ። ብርጭቆውንም ደግሜ አጠብሁ። አሁንም ቀላ። ጋሼን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

«ጋሼ፣ ያጠቡት በሙሉ ኬሻ ነው?»

«ታዲያ በግማሽ ላጥብልሽ?» ብለው ሳቁ። እኔም እንደ ልማዴ «አንድ ኬሻ» ብዬ ጻፍሁ።

በጾም ወተት ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ድርጅቱም የሚረከበውን ይቀንሳል። ከከተማው ዙሪያ ቢዶን ተሸክመው ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ወተታቸውን እንደያዙ ይመለሳሉ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የእኛን ጾም እነሱም ላሞቻቸውም አይጾሙትም። እኔ ግን ከሚጾሙት አንዷ ነኝና በር ላይ ሳገኛቸው አቀርቅሬ ነበር የማልፈው። ጋሼን በጠየቅሁ ማግስት ሳቅ ሰምቼ ቀና አልሁ። አንዲት ሴት የሻርፗን ጫፍ ዘርግታ «ሶጊዳ፣ ሶጊዳ» ትላለች፤ በኦሮምኛ ጨው ማለቷ ነው። ጋሼ ከማለስለሻው ኬሻ በጣሳ ይሰፍሩላታል።

«ለላምሽ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም!»

«ላሜስ እርስዎን ትመርቃለች፤ ድርጅቱን ነው የምትረግመው!»

ከኋላዋ ሌሎች አራት ሴቶች ቆመው ነበር።

የቀላውን ብርጭቆ ይዤ ቦይለር ክፍል ገባሁና ፊታቸው አስቀመጥሁት። አዩት፤ ጣሳውንም አዩት።

«ወተት ይዛ መጥታ ሳትሸጥ ባዶ እጇን ስትመለስ እንዴት ዝም ልበል? ትንሽ ጨው ቢጎድል ውሃው የሚያውቅ አልመሰለኝም።»

«ውሃው ያውቃል» አልሁ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ጣሳውን አስቀመጡ። ከዚያ «ከጻፍሽው ደብዳቤ ይመጣል» አሉ፤ «ፋሲካ ሊደርስ።»

«ካልጻፍሁት ደግሞ ቱቦው...»

«ቱቦውን ተይው፤ አውቀዋለሁ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ከሱ ጋር ነኝ።» መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት። «ጻፊ። ጨውን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ጻፊ።»

እንዳሉኝ ጻፍሁ። ከሥሩ ሌላ መስመር ጨመርሁ፤ ኬሻው ሲገለበጥ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ቆሜ ሳላይ «አንድ ኬሻ» እያልሁ የጻፍሁት እኔ መሆኔን።

ቦይለሩ ቆሞ ተከፈተ። ቅርፊቱ እንደ እንቁላል ልጣጭ ስስ ነበር፤ በአሲድ ታጥቦ ለቀቀ። ትንሽ ቢቆይ አይለቅም ነበር አሉ የጥገና ሠራተኞቹ። በሳምንቱ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የእኔ። ጋሼ የራሳቸውን ሁለት ጊዜ አነበቡና የእኔን ተቀብለው አዩት።

«አንቺ መጀመሪያሽ፣ እኔ መጨረሻዬ» አሉ። የራሳቸውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ያን ቀን አልቀለዱም።

በማግስቱ ማለስለሻው ሲታጠብ አጠገባቸው ቆምሁ። ኬሻውን አራግፈው ገለበጡት። ጠብታው ሰማያዊ ሆነ።

«ውሃው ምን አለ?»

«ሰማያዊ ነው ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ በሩ ሄዱ፤ ተከተልኋቸው። ሴቶቹ እንደተለመደው ተመልሰው ሊሄዱ ነው። ያቺ ሴት ሻርፗን ዘረጋች። ጋሼ ጣሳውን ገልብጠው ባዶነቱን አሳዩዋት። ጣሳውን ከእጃቸው ተቀብላ አቀናችና ከቢዶኗ ወተት ሞላችላቸው።

«እርስዎስ ባዶ እጅዎን ለምን ይመለሳሉ?»

ጋሼ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉልኝ፤ ወዲያው መልሰው ሳቡት።

«ለካ ጾመኛ ነሽ» አሉ፤ ከደብዳቤው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ።