ድዳችንን የተነቀስንበት መርፌ

ነርሷ «ዕፅ በመርፌ ወስደሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም። እኔን! «ምን ቆርጦኝ!» አልኩ በአማርኛ። ወደ ሆላንድኛ ስመልሰው ግን ቁጣዬ ሁሉ መንገድ ላይ ቀረና «ኔ»፣ «አይ» ብቻ ሆኖ ወጣ።

ነርሷ ቅር አላላትም። ለሁሉም ሰው የሚቀርብ ጥያቄ ነው አለችኝ። እሷ ዘንድ የላከኝ ሃውስአርትሴ፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪሜ ነው። ድካም ድካም ይለኛል ብዬው ደሜን አስመረመረና «ሄፓታይተስ ሲ አለብሽ፤ ጉበት ላይ የሚቀመጥ ቫይረስ ነው» ብሎ ወደ ሆስፒታል ሰደደኝ። ድካሙ የሥራ ነበር የመሰለኝ። ሙርዋይክ ሰፈር ካለው ቤቴ እየተነሳሁ በየሰው ቤት ዞሬ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ካልሲ አጠልቃለሁ። ዴን ሃግ ውስጥ ይህን ሥራ እየሠራ የማይደክመው ካለ እሱ ነው መመርመር ያለበት።

ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ከፍርሃቱ እኩል ግን ሌላ ነገር ያዘኝ፤ ከየት መጣ? መቼ ገባ? ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራ ነበር? እናቴ «ይቺ ልጅ የተከደነ ድስት አይታ ማለፍ አይሆንላትም» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

«ንቅሳትስ አለሽ?» አለችኝ ነርሷ።

«የለኝም» አልኩ። ንቅሳት ስትለኝ የታየኝ፣ እዚህ አገር ክንዳቸውን ሙሉ ዘንዶና መልሕቅ የሚያስስሉት ወንዶች ናቸው።

የእሷ ጥያቄ ሲያልቅ የእኔ ጀመረ። «ጉርሻስ?» አልኳት። ምን እንደሆነ አላወቀችም። ምግብ በእጄ ጠቅልዬ ሰው አፍ ውስጥ የምከተው ነው ስላት ብዕሯን አስቀመጠች። «የምትንከባከቢያቸው አረጋውያን አፍ ውስጥ?» «ኧረ የምወደው ሰው አፍ ውስጥ!» በምግብ አይተላለፍም አለችኝ። መስቀል መሳለምስ? አይተላለፍም። ብዙ ሰው በአንድ ማንኪያ ሲቆርብስ? ይህን ለማስረዳት ላቤ ጠብ አለ፤ እሷም በጽሞና ሰማችኝና አይተላለፍም አለች። ደም ከደም ሲገናኝ ነው። የጥርስ ብሩሽ፣ ምላጭና ጥፍር መቁረጫ ብቻ ለራስሽ ይሁኑ፣ በቃ። «እስከ ዛሬ ስለ ማንኪያ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብላ ሳቀች። እኔም እፎይ ብዬ ሳቅኩ። ስስቅ አፌን አየችው።

«ድድሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ድዴ ጥቁር ነው። በአገራችን ድዷን የተነቀሰች ልጅ ስትስቅ ጥርሷ ወተት ይመስላል። «ይሄማ ጌጥ ነው፤ ልጅ ሆነን ነው የተነቀስ...» ብዬ አፌን ያዝኩ። አሁን ነገሩ ገባኝ።

ነቃሿ እናቴ ነበረች። ያደግንባት ትንሽ ከተማ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ያለች፣ የእናቴን እጅ ያላየ የልጃገረድ ድድ አልነበራትም ማለት ይቻላል። የኩራዝ ጥላሸት ታዘጋጃለች፤ መርፌዋንም በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። የአክስታችን ልጅ ልትዳር ሰሞን እኔንና ታላቅ እህቴን አንድ ቀን አስቀምጣ ነቀሰችን፤ ከእኛ በፊት የጎረቤት ልጆች ነበሩ። መርፌው ይታጠባል፣ በውኃ። ይኸው ነው።

ለነርሷ ይህን ስነግራት እኔ ራሴ በመገረም አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ የገባ ነገር ከእኔ ጋር አድጎ፣ ከእኔ ጋር ተሰዶ፣ ከእኔ ጋር ሆላንድኛ ተማረ! እሷ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «እህትሽ የት ናት?»

«አምስተርዳም ኖርድ።»

«ትመርመር» አለች። ምንጩ ይህ መርፌ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ግን ቫይረሱ ድምፁን አጥፍቶ ለብዙ ዓመት ጉበት ሊበላ ይችላል። ከተደረሰበት በክኒን ይድናል። ካልተደረሰበት ጉበቱ ይደድራል፣ ከዚያም... የቀረውን ከፊቷ አነበብኩት።

ቅዳሜ ባቡር ይዤ አምስተርዳም ሄድኩ፤ ከጣቢያው ጀርባ ፖንቱን፣ ሰውና ብስክሌት በነፃ የሚያሻግረውን ጀልባ ተሳፍሬ ወደ ኖርድ አለፍኩ። እህቴ ሽሮዋን ሠርታ ትሪው ላይ አቅርባ ጠበቀችኝ። እኔ ከመጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ባሏ ነው ያመጣት፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ከመብላቴ በፊት ነገርኳት።

«የወፍ በሽታ ነው?» አለችኝ።

«ዘመዱ ነው፣ እትዬ።»

በምግብ አይተላለፍም ብዬ ገና ሳልነግራት አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተችው። «ብዪ፤ ጉበትሽም ይብላ» አለች። እንባዬ መጣ። ልቤ ስለሞቀ ቸኮልኩ።

«እትዬ፣ አንቺም መመርመር አለብሽ። ያ የእማዬ መርፌ...»

እጇ ትሪው ላይ ቀረ። «የእማዬ ምን?»

ነገርኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ እያየሁ አላቆምኩም፤ ይህ የእኔ ክፉ አመል ነው።

«እናቴ ገደለችኝ ልትዪ ነው?» አለች።

«ማን ሞተ? መርፌው አልኩ እንጂ!»

«መርፌው እግር አውጥቶ አልመጣ! ሙት ወቃሽ! እዚህ አገር ስንቴ ተወግተሻል፣ እነሱን ሄደሽ ጠይቂ። በይ ተነሺ፣ ባቡርሽ እንዳያመልጥሽ።»

ባቡር እንኳ ሞልቶ ነበር፤ አንዱ ቢያመልጠኝ ሌላው ይመጣል። ግን ኮቴን አቀበለችኝ።

ከዚያ በኋላ በስልክ ሞከርኩ። «እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላት፣ «ያልታመመ ሰው ምን ይደብቃል?» ብላ ዘጋችብኝ። ሌላ ጊዜ ስለ አየሩ ብቻ አወራችኝ። ቀጥሎ ማንሳትም ተወች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ሆንኩ።

እኔ ክኒኔን ጀመርኩ። ነርሷን መጠየቄን ግን አልተውኩም። «እንዲህ ያለች ትንሽ ክኒን ጉበቴ የት እንዳለ በምን አወቀች?» አልኳት። አታውቅም፣ ሰውነትሽን ሁሉ ትዞራለች አለችኝ፤ ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበት መሣሪያ አለው፤ ክኒኗ እሱን ትይዝበታለች፤ መባዛት ሲያቅተው ያልቅለታል። ይህን ሰምቼ እቤቴ እስክደርስ ትራም ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ነበር። ጠዋት ጠዋት ክኒኔን በዋጥኩ ቁጥር ግን፣ እህቴ ጉበት ውስጥስ አሁን ምን እየተደረገ ይሆን እላለሁ። እኔ እየዳንኩ እሷ አኩርፋኝ ብትሞትስ?

ክኒኔን ልጨርስ ስል ደወለች። ሰላምታም የለ።

«ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዢልኝ።»

«እሺ እትዬ! አሁኑኑ!»

«ለጤናዬ እንዳይመስልሽ። የእናቴን ስም ላጸዳ ነው። ነፃ ስሆን ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ይቅርታ አስጠይቅሻለሁ።»

ይሁን፣ ብቻ ደሟን ትስጥ እንጂ እንበረከክላታለሁ አልኩ።

ውጤቱን ለመስማት አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እያየች የምትናገረው እኔን ሳይሆን እህቴን ነው፤ በዚህ ወደድኳት። ቫይረሱ አለ አለች። ጉበቷ መደደር ጀምሯል፤ ሆኖም ደርሰንበታል፤ ክኒኑን ትወስዳለች፣ ከዚያም እንከታተላታለን። ተረጎምኩላት። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለችና፣ «ይሄ ክኒን መቼ ነው የተገኘው ብለሽ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ጠይቂ አልኩሽ!»

ጠየቅሁላት። ሐኪሟም ገረማት። እንዲህ ያለው ክኒን ከመጣ አሥር ዓመት ትንሽ ቢያልፈው ነው አለች።

«ከዚያ በፊት የትም አልነበረም? አዲስ አበባም? እዚህም?»

«የትም አልነበረም» አለች ሐኪሟ።

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። «ተመስገን» አለች። ከዚያ እዚያው ሐኪሟ ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሐኪሟ የወረቀት መሐረብ እያቀበለች እኔን ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ የምተረጉመው የለኝም።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። እናታችን የሞተችው እኔ እዚህ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሳለሁ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ያስታመመቻት እህቴ ናት። ለእኔ በስልክ የነገረችኝ ጨጓራዋን ነው ብላ ነበር።

«ጨጓራዋን አልነበረም» አለችኝ። «ሆዷ ተነፋ። ዓይኗ እርድ መሰለ። ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ውሰጃት ይለኝ ነበር። እኔ መንገዱን አትችለውም ብዬ ጸበል ወሰድኳት። ጸበሉ ቦታ ነው ያረፈችው፣ እጄ ላይ።»

ወደ እሷ ተጠጋሁ።

«አንቺ ያን ቅዳሜ ጉበት፣ ክኒን፣ ይድናል ስትዪኝ ዓይኗ ነው ድቅን ያለብኝ። ለካ ክኒን እያለላት ነው የቀበርኳት አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም።»

እኔ ሞኟ ደግሞ መርፌ መርፌ ስል ከረምኩ! ማን ለማን አስተላለፈ እያልኩ እንደ መርማሪ ስዞር፣ እህቴ ብቻዋን ይህን ተሸክማ ነበር። እናታችን በዚሁ በሽታ መሞቷን ዛሬ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ እህቴ ግን ያየችውን አይታለች። አቀፍኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳዝናኝ አታውቅም።

«እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም የገደልሻት» አልኳት።

«እኔስ የመጣሁት» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «እሱን ልጠይቅ አይደል።»