የቆሎ ጥሪና የውርጭ ባንድ ካሴት

በሰለች ዘፈን የተማረችው ከኤንትሬ መኪና ጋር እየተጯጯኸች ነው። ደብረ ሲናን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጣርማበር ዋሻ የወጣ የጭነት መኪና ተሳቢውን እየጎተተ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሞተሩ ጩኸት ቀድሞት ከተማ ይገባል። ያንን ጩኸት አልፎ ሾፌሩ ጆሮ የሚደርስ ጉሮሮ የሌላት ሴት ቆሎዋን ለራሷ ትቆረጥመዋለች። የበሰለች እናት ወይዘሮ ብርሃነሽ ግን ቆሎ ተርፏቸው ወደ ቤት የገቡበት ቀን አይታወስም ነበር። "ቁም በለው! ቁም በለው! የብርሃነሽ ቆሎ ነው፣ ጥርስ ያለው ይብላው!" ሲሉ እንኳን ባለጥርሱ፣ ድዱን ይዞ የቀረው ሽማግሌ ሳይቀር አንገቱን በመስኮት ያወጣ ነበር።

ጥሪ ደብረ ሲና ላይ እንደ እርሻ ድንበር ነው፤ አይገፋም። እያንዳንዷ ቆሎ ሻጭ የራሷ ዜማና የራሷ ቃል አላት፤ ሾፌሩም ደንበኛውን የሚለየው በዚያ ነው። ሴት ልጅ የእናቷን ጥሪ የምትወርሰው እናቲቱ ስታርፍ ነው። በቁሟ እያለች የወሰደችባት ልጅ ሞቷን እንደተመኘች ትቆጠራለች። ይህን በሰለች ጡት ሳትጥል ነው የሰማችው። ስለዚህ በልጅነቷ ለራሷ "ሽምብራ! ሽምብራ!" የምትል አንዲት ድሀ ጥሪ ይዛ ነበር። ቃሉ ድሀ ይሁን እንጂ ድምፁ ብቻውን ፍሬን ያስይዝ ነበር።

አድጋ ደብረ ብርሃን ወጣችና ክር መፍተያ ፋብሪካ ተቀጠረች። እዚያ ነው ወልደሩፋኤል ያገኛት። ወልደሩፋኤል የማሽን ጥገና እንዲማር ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ የመጣ መካኒክ ነው፤ ሰው ሁሉ ኮትና ብስክሌት ይዞ ሲመለስ እሱ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ የተገለበጠ ካሴት ይዞ መጣ። ካሴቱ ላይ ፀጉራቸውን እንደ ዶሮ ኩክኔ ያቆሙ የእንግሊዝ ልጆች ይጮኻሉ። ፓንክ ይባላል አለ። ምን እያሉ ነው ሲሉት፣ "ተናደው ነው" አለ። በምን ሲሉት፣ "እሱን ገና አልደረስኩበትም።"

አንድ ቀን ማሽኖቹ ሁሉ እያጓሩ በሰለች ከአዳራሹ ጫፍ ጓደኛዋን ለምሳ ጠራቻት። ወልደሩፋኤል የያዘው ብሎን መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

"ዘፋኝ ነሽ?" አላት ሮጦ መጥቶ።

"ኧረ እኔ ቆሎ ሻጭ ነኝ።"

"የባሰ ጥሩ!"

ባንድ አቋቋሙ፤ ከበሮው ላይ ተክለጊዮርጊስ ተቀመጠ። ተክለጊዮርጊስ የበግ ፀጉር በደጋን እየነደፈ የሚተዳደር ሰው ነው፤ ድራሙንም እንደ ፀጉሩ ነደፈው፣ አቧራ እስኪወጣው። ባንዱ የአገሩን ብርድ ስም ወስዶ "ውርጭ" ተባለ። ወሬው ደብረ ሲና ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ወይዘሮ ብርሃነሽ በመንገደኛ አፍ፣ "እኔ የወለድኩት ቆሎ ሻጭ ነው፤ አዝማሪ ከየት መጣ?" ብለው ላኩባት። በሰለች በመስከረም ሳትጠይቃቸው ቀረች፣ ለገናም አልወረደችም። እልኸኝነቷ የእናቷ ነው፤ ከሌላ አልመጣም።

ካሴት እናውጣ የሚለው ነገር በ1979 ዓ.ም. ተነሣ። ስቱዲዮ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ለነሱ አቅም ግን አዲስ አበባና ጨረቃ እኩል ይርቃሉ። ወልደሩፋኤል ግን መላ አያጣም። የስቱዲዮ ግድግዳ ወፍራም ነገር መልበስ እንዳለበት ስለሚያውቅ የተክለጊዮርጊስን ቤት ሊያለብስበት ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሮ ባና ለመነ። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ የደጋ ብርድ ልብስ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያለሱ ያደረ ሰው ጠዋት ጣቶቹን ፈልጎ ያጣቸዋል። ሰፈሩ ቸር ነውና ሰጠ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ፤ ፀሐይ ሳትገባ ይመለስ።

የውርጭ ዘፈኖች ለምን እንዲህ ይጣደፋሉ የሚል ቢኖር ምክንያቱ ይኸው ነው። ጠዋት የተቀዱት ዘፈኖች ወግ አላቸው፤ መግቢያ አላቸው፣ አዝማች አላቸው። ከምሳ በኋላ ጥላው እየረዘመ ሲሄድ ዘፈኑ እያጠረ ሄደ። የመጨረሻው ሲደርስ የሰፈሩ እናቶች በር ላይ ቆመው ባናቸውን ከግድግዳ መፍታት ጀምረዋል። ለዚያ ዘፈን መግቢያ አልተሠራለትም።

"ጀምሪ!" አላት ወልደሩፋኤል። "የፈለግሽውን በይ፣ ብቻ ጀምሪ!"

በሰለች ዓይኗን ጨፈነችና አፏን ከፈተች። "ቁም በለው! ቁም በለው! የብርሃነሽ ቆሎ ነው፣ ጥርስ ያለው ይብላው!" አለች። ተክለጊዮርጊስ ድራሙን ወረደበት፣ ጊታሩ ጮኸ፣ ባና የያዙት እናቶች በድንጋጤ አማተቡ። ካሴቱም አለቀ።

ምን እንዳደረገች የገባት ቴፑ ሲጠፋ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። "አጥፉልኝ" አለች፤ "የእናቴ ጥሪ ነው፤ እሷ በሕይወት እያለች የኔ አይደለም።" በምን ይጥፋ? ባናው ሄዷል፣ ግድግዳው ራቁቱን ቀርቷል፣ ወልደሩፋኤልም ከካሴቱ ሁሉ ያማረው እሱ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል እንዲህ ነው።

በዚያን ጊዜ ከጉሮሮ በፊት ማኅተም ይቀድማል። ካሴቱ ከመባዛቱ በፊት ጓድ ገብረአማኑኤል የሚባሉ ኃላፊ ሊሰሙት ተቀመጡ። በሰለች በልቧ ይከልክሉት እያለች ተሳለች። እሳቸውም የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ማን ነው የሚቆመው? አብዮታዊ ጉዟችን አይቆምም!"

"መኪና ነው ጓድ" አለ ወልደሩፋኤል።

"የመንግሥት መኪና?"

"የግል።"

ጓድ ገብረአማኑኤል አሰብ አደረጉ። "የግል ከሆነ ይቁም" አሉና ማኅተሙን አሳረፉበት።

ካሴት ደግሞ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ራሱን አይሸጥም፤ ይዞት የሚዞር ይፈልጋል። የሚያዞራቸው የጭነት መኪና የበሽር ነበር። በሽር የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ከቆላ በርበሬ ያወጣል፣ ከደጋ ባቄላ ያወርዳል፣ በመሀል ደግሞ ውርጭን ይጭናል። መድረኩ የመኪናው ጭነት ማስቀመጫ ነው፤ ጄኔሬተሩ መሬት፣ ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያው ጋቢናው ላይ። ሰዓት እላፊ ስላለ የሚጫወቱት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው።

ጫጫ ላይ የመጀመሪያውን ዘፈን ሲጀምሩ ስንዴ የጫነ አህያ ሁሉ ወደ መጣበት ተመለሰ። መኪናው ላይ የቀረው የበርበሬ ብናኝ በተክለጊዮርጊስ አፍንጫ ገብቶ ዘፈኑን በሙሉ እያስነጠሰ መታው፤ ሕዝቡ ግን የዘፈኑ አካል መስሎት በየማስነጠሱ እልል አለ። አንድ ደግ ገበሬም ወደ ወልደሩፋኤል ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ሬዲዮናችሁ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ የሚጠግን ሰው ከዚህ አለ" አሉት። አንኮበር ደግሞ ገና ሲጀምሩ ጉም ከገደሉ ወጥቶ ሕዝቡንም ባንዱንም ዋጠ። ማን እንዳለ ማን እንደሄደ ሳያውቁ ለጉሙ ዘፈኑለት። ሲገለጥ ሰዉ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ይስቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሴቱ እንደ ትኩስ ቆሎ መሸጥ ጀመረ።

በሰለችም ሳቀች፤ ዘለለች፤ የሰው ዓይን ደስ አላት። ብቻ የጉዞው መጨረሻ ደብረ ሲና ነው። ደብረ ሲና በታሰበቻት ቁጥር ሳቋን ታቋርጠው ነበር። እናቷን ስትወድ ለከት አልነበራትም፤ አዝማሪ መባሉን ትችለዋለች፣ ሞቴን ተመኘችብኝ መባሉን ግን በምን ትችለዋለች?

ከአንኮበር በኋላ በሽር ለጭነት ደብረ ሲና ደርሶ ተመለሰ። ሲመለስ እንደወትሮው አልቀለደም።

"እናትሽን አግኝቻቸዋለሁ" አላት። "ካሴቱን ሰምተዋል።"

"ምን አሉ?"

"'ደብረ ሲና ስትደርስ ከበሮ ከመመታቱ በፊት መጀመሪያ እኔ ዘንድ ትምጣ' ነው ያሉት። ወላሂ ሌላ አልጨመሩም።"

"ጮኸው ነው ያሉህ?"

"ኧረ በሹክሹክታ ነው፤ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው።"

በሰለች እናቷን ታውቃቸዋለች። ሲጮኹ ደህና ናቸው፤ ጩኸት እንጀራቸው ነው። በልጅነቷ አርጩሜ ከመምጣቱ በፊት ግን ሁልጊዜ ሹክሹክታ ይቀድም ነበር።

መዘዞ ሲደርሱ ከተማው ለቅሶ ላይ ነበር፤ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አርፈዋል። ሐዘን በተቀመጠ አገር ከበሮ አይመታምና ውርጭ ባንድ ዕቃውን ሸራ አልብሶ ለቅሶ ደረሰ። ወልደሩፋኤልና ተክለጊዮርጊስ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው ንፍሮ ቆረጠሙ። በሰለች ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሟቹን አታውቃቸውም፣ ግን የሚያስለቅሳት አላጣችም። አጠገቧ የነበሩ ሴትዮ፣ "ዘመድሽ ናቸው እንዴ የኔ ልጅ?" ቢሏት፣ "ነገ እናቴ ጋ እሄዳለሁ" አለቻቸው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ጀርባዋን ደባበሷት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በማግሥቱ የበሽር መኪና ዋሻውን አልፎ ቁልቁለቱን ያዘ። የቆላው ሙቀት ፊታቸውን ሲነካው፣ ከተማው መግቢያ ላይ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ያ ድምፅ መጣ።

"ቁም በለው! ቁም በለው!"

"እናቴ ናት" አለች በሰለች። ወዲያው ግን ጆሮዋን አቀናች። ድምፁ ወፍራም ነው፤ የወጣት ነው። ከፊታቸው ሲወርድ የነበረው ኤንትሬ ፍሬን ያዘና ቆመ። ድምፁ እንደገና፣ ያው ራሱ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይለወጥ ጠራ። በሰለች አፏ እንደተዘጋ የራሷን ድምፅ ሰማች።

ከመኪናው ዘላ ወረደች። ወይዘሮ ብርሃነሽ ድሮ ከሚቆሙበት ዋርካ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የቆሎ ቅርጫት አለ። ጭናቸው ላይ አቧራ እንዳይገባበት በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ቴፕ አለ። ለሾፌሩ ቆሎውን ሰጥተው ሸኙት፤ ካሴቱን አወጡና የባትሪ ድንጋይ እንዳይጨርስባቸው በእስክሪፕቶ እያሾሩ መለሱት፤ መልሰው ከተቱት። ቀና ሲሉ ልጃቸውን አዩ።

"መጣሽ?" አሉ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"እማዬ፣ ድምፅሽ..."

"ከገና ወዲህ ሄደ" አሉ በሹክሹክታ። "ዶክተሩ ድምፅሽ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ አትጩሂ አለኝ። ስንት ጊዜ ቆሎዬን ይዤ ገባሁ መሰለሽ፤ መኪናው ሁሉ ያልፈኛል። ታዲያ አንድ ቀን ሻይ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማ የኔ ጥሪ። ማናት ደፋሯ ብዬ ብነሣ፣ ያንቺ ድምፅ።"

"አምልጦኝ ነው እማዬ። ሞትሽን ተመኝቼ አይደለም፤ እኔን ያስቀድመኝ!"

"ዝም በይ፣ በማለዳው ሟርት!" አሉና እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። "የሴትዮ ጥሪ ካቆመ ሴትዮዋ ብትኖርም ሞታለች። ያንቺ ባይመጣ እኔ ሞቼ ነበር። ጥሪው ካሁን ወዲያ ያንቺ ነው፤ በቁሜ ሰጥቼሻለሁ።"

በሰለች የእናቷን ጉልበት አቅፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ደስታው ደረቷን ሊቀደው ደረሰ። ወይዘሮ ብርሃነሽ ትንሽ አስለቀሷትና ጀርባዋን መታ አደረጉ።

"በይ ይብቃሽ። የጠራሁሽ ለሥራ ነው። ካሴቱ ጥሪው ላይ ተልጧል፤ ሌላ አምጥተሻል?"

"አምጥቻለሁ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "የቀረውንስ? ዘፈኑን ሰማሽው?"

"ከጥሪው ካለፈ ለመመለስ ይደክመኛል። ደርሼበት አላውቅም።"

ከሰዓት በኋላ ውርጭ መንገዱ ዳር ተጫወተ። ለወይዘሮ ብርሃነሽ ከፊት ወንበር ተሰጣቸው፤ ቅርጫታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቀሚሳቸውን አስተካክለው፣ ዘፈኑን ዛሬ እስከ መጨረሻው ሊሰሙት ተቀመጡ። የመጨረሻው ዘፈን ሲደርስ በሰለች ማይክራፎኑን አስቀመጠችና ጄኔሬተሩን አስጠፋች። ከመኪናው ጫፍ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ዋሻው አዙራ፣ በባዶ ጉሮሮዋ ጠራች።

"ቁም በለው! ቁም በለው! የብርሃነሽ ቆሎ ነው፣ ጥርስ ያለው ይብላው!"

ከላይ እየተከታተሉ ይወርዱ የነበሩ መኪኖች ፍሬናቸው እየተነፈሰ አንድ በአንድ ቆሙ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ተክለጊዮርጊስ ድራሙን ወረደበት፣ ዘፈኑ ቀለጠ። በሰለች ወደ ፊተኛው ወንበር ብታይ ባዶ ነው። ወይዘሮ ብርሃነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቅርጫቱን ይዘው፣ ከመኪና መኪና እየሮጡ ነበር።

ማታ ባዶውን ቅርጫት ሲያራግፉ፣ "ዛሬም አልሰማሽውም" አለቻቸው እየሳቀች።

"መኪና ቆሞ ዘፈን ይሰማል እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ብርሃነሽ በሹክሹክታ። "ቀሪውን ክረምት ሲገባ፣ መንገዱ ጭር ሲል እሰማዋለሁ።"