የሁለት ቤት ሪፐብሊክ

ባለፈው ደባርቅ ከአንዲት ወተት ቤት ጎራ ብዬ በወይራ የታጠነ ወተት ቢሸተኝ፣ ሐሳቤ ጀርመን አገር ገባ። ሳቁብኝ! ዳባት ላደግን ለእኔና ለአጎቴ ልጅ ለየሺ ግን ጀርመን ማለት የግቢያችን አጥር ነው።

አያቴ ሲሞቱ አባቴና ታናሽ ወንድሙ በውርስ ተኳረፉ። ሽማግሌዎች ዕጣ ቢያወጡ ላሟ ለአባቴ፣ ገና የምትጠባው ጥጃዋ ለአጎቴ ደረሱ። ከእልሃቸው የተነሣ "እንቀያየር" ማለት ሞት ሆነባቸው። በግቢያችን መሐል የእሾህ አጥር ታጠረ፤ ላሟ ከወዲህ ጥጃዋ ከወዲያ "እምቧ" ሲሉ ይውላሉ፣ ላሟም ልጇን ካላየሁ አልታለብም ብላ ወተቷን ያዘች። እኔና የሺም እንዳንነጋገር ተከለከልን፤ እህል አልወርድ አለኝ።

ያን ሰሞን የታሪክ መምህራችን ጀርመን አገር ስለነበረችው ስለ ሮይስ አወሩልን፦ የአንድ ዘር የታላቅ ቤትና የታናሽ ቤት የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ግዛቶች፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ መሳፍንቱ ሲወርዱ ተጣምረው አንድ ሪፐብሊክ ሆኑ። መሳፍንቱ ሁሉም ሃይንሪሽ እየተባሉ በቁጥር ነበር የሚለዩት ሲሉን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በክፍላችን ማሩ ለሚባሉት ሦስት ልጆችም ያኔውኑ ቁጥር ወጣላቸው። የሺ ግን አልሳቀችም፤ ዞር ብላ አየችኝ።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስን፣ እጃችን እየተቧጨረ፣ አጥሩን ሸነቆርነው። የሪፐብሊካችን የመጀመሪያዋ ዜጋ ጥጃዋ ነበረች፤ ሰተት ብላ ገብታ ከእናቷ ጡት ተለጠፈች። አባቴ ዱላውን ይዞ ወጣ፣ አጎቴም በሽንቁሩ ብቅ አለ፤ አለቀልን አልኩ።

"ጋሼ፣ ማለቢያ ይምጣ እንጂ! እስክትጨርሰው ነው የምንቆመው?" አለ አጎቴ።

አባቴ ዱላውን አስቀመጠ። "በል ጥጃዋን ያዝልኝ" አለው። ከአያቴ ቀብር ወዲህ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወተቱ ለሁለቱም ቤት ተቀዳ። እኔና የሺ እራት ከደረሰበት እንበላለን፣ እንቅልፍ በጣለን ቤት እናድራለን፤ እናቶቻችንም የማን ልጅ የት እንዳለ መጠየቁን ተዉት። ወይ ደስታ! መምህራችን ሮይስ ዓመት ያህል ቆይታ ወደ ትልቁ የቱሪንገን ግዛት ተጠቃለለች ሲሉን ግን ክፉኛ ከፋን።

የእኛዋም አልቆየች። አጎቴ ኑሮውን ጠቅልሎ ጎንደር ገባ፤ ቤቱን የገዛው ሰውዬም፣ ምን ያድርግ፣ ሽንቁሩን ደፈነው።

ዛሬ እኔም የሺም ጎንደር ነን፤ ልጆቻችን የሚገናኙት በዓል ሲሆን ነው። እሷ ዘንድ ስሄድ አስቀድሜ እደውላለሁ፣ ደርሼም የብረት በሩን አንኳኳለሁ። የኔዋ የሺ ከውስጥ ሆና፣ በትሕትና፣ "ማን ልበል?" ትለኛለች።